በመሀረብ የታሰሩ ግማሾች

የፌንጣ ጉልበት ዛሬም እንደ ቡኮ ተነፍቷል። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ስትዘል ውላ ስትዘል የምታመሽ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ከክሊኒኩ በር እስከ ወንበሩ የደረሰችው የአያቷ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ ነው።

ሐኪሟ ጉልበቱን ጫን ጫን አደረገችና ፊቷን አጨማደደች። "አልገባኝም። ክኒኑ እስካሁን እብጠቱን ማብረድ ነበረበት።"

"እኔንስ መቼ ገባኝ!" አሉ አያት፤ የክሊኒክ ምልልሱ አንገሽግሿቸዋል። "የሚያጠነክራት ስጧት ስል የሰውነት መከላከያዋን የሚያደክም ትሰጣላችሁ። ሌባ ሲገባ ዘበኛ ያስተኛሉ፣ ልጄ?"

"ሌባ የለም፣ እማማ። የቤቱን ልጅ የሚደበድበው ራሱ ዘበኛው ነው።"

"ዘበኛው?" አሉ አያት።

"የሰውነታችን ሴሎች የስኳር ካባ ለብሰዋል" አለች ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ። "የምንልሰው ስኳር አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው። ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ያንን ካባ የሚዳስስ እጅ መሰል ነገር አላቸው። አንዳንዱ እጅ የጀርምን ስኳር ሲነካ 'ያዘው!' ይላል። ሌላው የራሳችንን ሲነካ 'ተው፣ የቤት ሰው ነው' ብሎ ያበርዳቸዋል። የፌንጣ ዘበኞች ግን ተው ቢባሉም አልሰሙም። ለምን እንደሆነ በውል አናውቅም፤ ክኒኑ እንዲያረጋጋቸው ነበር የሰጠናት።"

"ታዲያ ምነው አላረጋጋቸውም?"

"እሱ ነው ግራ የገባኝ። ከነገ ጀምሮ ከበድ ያለውን መርፌ እንሞክራለን። ጉበቷን ሊያስቸግር ይችላል፤ ግን ምን ምርጫ አለን?"

ጉበት! አያት እጃቸውን ወደ መሀረባቸው ሰደዱ። ክኒኑን በየማለዳው በሽንኩርት ቢላዋ ለሁለት የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ሙሉው ልጅቷን ያደክማታል ብለው ግማሹን ለእሷ ይሰጣሉ፣ ግማሹን በመሀረባቸው ይቋጥራሉ።

"እምዬ፣ መርፌ አልፈልግም!" ፌንጣ ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ያዘች።

አያት የመሀረቡን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱት። ግማሾቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ።

"እማማ!" ጮኸች ሐኪሟ።

"አትጩኺብኝ! ይህን የካባ ነገር ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" ድምፃቸው ተሰበረ። "ስጠብቃት እኮ ነው።"

ሐኪሟ ግማሾቹን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ በረጅሙ ተነፈሰች። "መርፌው ይቆይ። መጀመሪያ ሙሉውን ክኒን በወጉ ትውሰድና እንየው።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ፌንጣ ቆመች። "ቢላዋውንስ ማን ይደብቀው?"

"አንቺ ደብቂው" አሉ አያት እየተነጫነጩ፣ ክንዳቸውን አጥብቀው እየሰጧት። "እኔማ አልታመንም።"