የጎሚስታው ውድ ልጅ

ጎሚስታው ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ማውራት ከጀመረ፣ ጎማው ተጠግኖ ቢያልቅም ደንበኛው አይለቀቅም። ጎማውን ውሃ በሞላው ገንዳ ውስጥ እያገላበጠ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲፈልግ እንኳ ዓይኑ ሥራው ላይ ነው፣ አፉ በልጁ በሚጢጢ ላይ። ቸኩሎ የመጣ ሰው «እሺ፣ ጎበዝ ናት፣ ጎማዬን ስጠኝ» ብሎ ነው የሚገላገለው።

ቢኩራራም አይፈረድበትም። እኩዮቿ ሲያወሩ፣ ሲነታረኩ፣ ጭራሽ ሲሳደቡ፣ ሚጢጢ ገና አፏን አልፈታችም ነበር። ሐኪሞች ጆሮዋን አዩ፣ ጉሮሮዋን አዩ፣ «ምንም የለባትም፤ ጠብቁ» አሉ። አማቱ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ሊያጽናኑት ሞከሩ። «እሷ ባትነቅዝም እኔ ነቅዣለሁ፣ እማማ» ይላቸው ነበር።

በኋላ የግል ትምህርት ቤት አስገቧት፤ አጥሩ ሲታይ ብቻ ኪስ የሚያሳክክ ዓይነት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ጥቂት ናቸው። አስተማሪዋን «ሚስ» ነው የሚሏት። ሚስ በየጠዋቱ በር ላይ በርከክ ብላ ሚጢጢን ሰላም ትላትና መልሱን ትጠብቃለች። መልስ አይመጣም። በማግስቱም ትጠብቃለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከረሙና አንድ ቀን አባትየው ሊወስዳት ሲመጣ፣ ሚጢጢ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «አባዬ፣ እጅህ ቆሻሻ ነው» አለችው። ሰው ሁሉ እያየው እዚያው በር ላይ አለቀሰ። እንደዚያ በደስታ የተሰደበ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ውሃ ግን እያሳሳቀ ይወስዳል። ክፍያው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምር ቆይቶ ዘንድሮ ዘለለ። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ የምታወራው ቁጭ ብላ፣ እግሯን እያሻሸች ነው።

«ትምህርት ቤቱ ውድ ነው፤ አቅማችንን እንወቅ እንጂ» አለችው። «እዚሁ ታች የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። እኔና አንተስ እንደዚያ ባለው አይደል የተማርነው?»

«ተምረን የት ደረስን?»

«አንተ እኔ ጋ ደርሰሃል። ምን ጎደለብህ?»

ጎሚስታው ሳቀ። ደግሞ በዚያው በኩራቱ፣ «ተይ እባክሽ! የሷ እያንዳንዷ ቃል እኮ በገንዘብ የተገዛች ናት!» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚጢጢ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር፤ የተኛች መስሏቸዋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ንግግሯ እያጠረ ሄደ። «ጠግበሻል?» ሲሏት «አዎ» ትላለች፤ ቆይታ ራሷን ብቻ መነቅነቅ ጀመረች፤ ከዚያ እሱም ቀረ። እናቷ «ነይ ውዴ» ብላ ስትጠራት ፊቷ ይጨማደዳል። አባትየው የድሮው ዝምታ ተመልሶ መጣ ብሎ ፈራ። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ሚስ ዘንድ ሮጠ።

«እኔም አስተውያለሁ» አለች ሚስ። ልጅቷን ትንሿ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ራሷም ሌላዋ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባት በሩ ጋ ቆመ። «ምን ሆነሽ ነው፣ ሚጢጢዬ?» አለቻትና እንደ ልማዷ መጠበቅ ጀመረች።

«እኔ ውድ ነኝ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ነሽ እንጂ! በጣም ውድ ነሽ!»

ሚጢጢ አለቀሰች። «እማዬ ሁልጊዜ ውዴ ትለኛለች። ትምህርት ቤቱ ውድ ነው። ሳወራም ገንዘብ ነው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ ርካሽ መሆን እፈልጋለሁ።»

አባትየው ነገሩ ገባው። ልጁ ለካ ዝም ያለችው ለእሱ ስትቆጥብለት ነው። አጠገቧ መጥቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ቋንቋችን ጉደኛ ነው፣ ልጄ» አላት። «አንዷን ቃል ለሁለት ነገር ያሠራታል። ትምህርት ቤቱ ውድ ነው ስንል ብዙ ይከፈልበታል ማለታችን ነው። አንቺን ውዴ ስንልሽ ደግሞ እንወድሻለን ማለታችን ነው።»

«እኔስ ገንዘብ አልፈጅም?»

«ትፈጃለሽ፤ እሱን አልዋሽሽም። ማውራት ግን አይከፈልበትም። እኔ ነኝ የማይሆን ቀልድ የቀለድኩት።»

«በጣም ካወራሁስ?»

«በጣምም በነፃ ነው።»

ሚጢጢ ወደ ጨዋታዋ ስትሄድ ሚስ እስከ ደጅ ሸኘችው። ሊጠይቃት ያፈረውን ነገር ከፊቱ ሳታነበው አልቀረችም።

«ንግግሩ የሷ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትወስዷት እዚህ ጥላው አትሄድም» አለችው። «እውነቱን ልንገርዎት? የኔም ልጆች የሚማሩት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የዚህን ክፍያ እኔም አልችለውም።»

ጎሚስታው እስከዚያች ደቂቃ፣ ልጁን ከዚያ ካወጣት የከፈለው ሁሉ ውሃ የሚበላው ይመስለው ነበር። አሁን ግን ለአንድ ነገር ከፍሎ ያንኑ ነገር በእጁ ይዞ የሚወጣ ሰው መሆኑ ገባው። ሚስ መኪና ቢኖራት ዕድሜ ልኳን ጎማዋን በነፃ በነፋላት። የላትም። ስለዚህ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ቃል ቢፈልግ ከ«ተባረኪ» በላይ አላገኘም።

ዓመቱ ሲያልቅ ሚጢጢን ታች ወዳለው ትምህርት ቤት አዛወሯት። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ አንዱ ዴስክ ላይ ልጆች ተጣበው ይቀመጣሉ። በር ላይ በርከክ ብሎ የሚጠብቃት የለም። እናትየው በራሷ ሐሳብ ብታዛውራትም ፀጉር እየሠራች መንገድ መንገዱን ነው የምታየው። ጎሚስታው ስለ ልጁ ማውራት አቆመ። ደንበኞች ምነው ታመመ እንዴ ተባባሉ። ቤት ውስጥ ብታወራም፣ በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ድምጿ ይጠፋ ይሆን እያለ ነበር የሚያስበው።

እንዲህ እያለ «የሚጢጢ ወላጅ ይምጣ» የሚል መልእክት መጣ። ሱቁን ክፍት ጥሎ ሄደ። መምህሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋውናቸው በጠመኔ ነጥቷል፤ ፊታቸው አልተፈታም። «መናገር አቆመች ሊሉኝ ነው» አለ ጎሚስታው በልቡ።

«ልጅዎ አላስተምር አለችኝ» አሉ መምህሩ። «ታወራለች! ከኋላ ባስቀምጣት የኋላውን ሁሉ አስወራችው። ከፊት ባመጣት ደግሞ እኔን ታዋራኛለች። ስትወጣ ታወራለች፣ ስትገባ ታወራለች። ለመሆኑ ቤት ውስጥ የሚቆጣት ሰው የለም?»

ጎሚስታው እንባው መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አለ።

መምህሩ ግራ ገባቸው። «እኔ እኮ ክስ ነው ያቀረብኩት።»

«ገብቶኛል» አለ ጎሚስታው። «እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።»