ዓሣ በይመኙሻል ቤት

አንኮበር ውስጥ እንደ ይመኙሻል ዕቃ የምታጥብ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጠላዋን የጠጣ ሁሉ ይመሰክራል። እንስራዋን በግራዋ ቅጠል ትፈትጋለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ አሽትታ ደስ ካላላት ደግሞ እንደገና ትጀምራለች። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ቤት ዓሣ ምን ሊሠራ ገባ? ጥፋቱ የባሏ ነው።

ባሏ ዘርአ ዳዊት ሠዓሊ ነበር። በሠፈሩ የሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መልአኩንና ቤተ መቅደስ በጀርባው የተሸከመውን ዓሣ አንበሪ እንዲሥል ታዘዘ። በዕድሜው ዓሣ አይቶ ስለማያውቅ ጆሮና ሽፋሽፍት ያለው ነገር ሣለ። ሰዉ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳቀ። የደብሩ አለቃ ወልደተንሣኤ ግን አልሳቁም።

«ጳጉሜን ሦስት ለንግሡ ይህ በግ ከግድግዳዬ ላይ ካልወረደ፣ እንጦጦ ከገቡት ሠዓሊዎች አንዱን አስመጣለሁ» አሉ።

የንጉሡ ከተማ ወደ እንጦጦ ሲነሣ የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ተከትለው ሲሄዱ፣ ዘርአ ዳዊት አንኮበር የቀረው ለዚያ ግድግዳ ሲል ነው። እሱን ከተነጠቀ ምን ይዞ ይቀራል?

ስለዚህ ለአንድ ፈረንጅ ሥዕል ሠርቶለት በምትኩ ያገኘውን አፈ ሰፊ የብርጭቆ ገንቦ ከጓዳ አወጣ። ከአልዩ አምባ የሚመጣ አንድ የቆላ ነጋዴ ለምኖም ክረምቱ ሳይገባ አራት ትንንሽ ዓሦች ከወንዝ በቅል አስመጣ። ነጋዴው አገራቸውን እንዳይናፍቁ ብሎ አረንጓዴ ልጋግ የለበሰ ድንጋይ ጨመረላቸው።

ይመኙሻል ገንቦውን እንደ ራሷ ዕቃ ያዘችው። ጠዋት ጠዋት ዓሦቹን በወጭት ታወጣለች፣ ብርጭቆውን በግራዋ ትፈትጋለች፣ ድንጋዩን ሳይቀር ታሻለች፣ ከዚያ በወይራ ከታጠነ ማድጋ ቀዝቃዛ ውሃ ትሞላዋለች። ውሃው ኩልል አለ። ዓሦቹም አንድ በአንድ ሞቱ። የሞተ ዓሣ ደግሞ ዓይኑ ይደፈርሳል፣ ክንፉ ይጣበቃል፤ ለሠዓሊ አይረባም። ሦስተኛው ሲሞት ሐምሌ ገብቶ ወንዙ ሞልቶ ነበርና ሌላ ማስመጣት አይታሰብም። የቀረው አንድ ብቻ ነው።

«እኔ እንዲህ እየተንከባከብኋቸው የሚሞቱት ቢጠሉኝ ነው» አለች ይመኙሻል፣ ከልቧ ተቀይማ።

በዚህ መካከል መዘዞ ያለችው እህቷ ወለደችና ልትጠይቃት ሄደች። ስትወጣ «ውሃውን በየቀኑ! ግራዋውንም እንዳይረሱ!» ብላ ባሏን አስጠነቀቀችው። እሱም «እሺ» አለ። ዘርአ ዳዊት እሺ ሲል አላደርገውም ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አራስ ትጠብቃታለች፣ ምን ታድርግ?

ስትመለስ ገንቦውን አይታ ጮኸች። ብርጭቆው አረንጓዴ ለብሷል፣ ውሃውም ወይቧል። ዓሣው ግን በሕይወት አለ።

«ቤቴን የእንቁራሪት ኩሬ አደረጉት!»

«አንቺ ስታጥቢ ሦስት ሞቱ። እኔ ስተኛ አንዱ ኖረ። በይ እንግዲህ ፍረጂ።»

ይመኙሻል ተናዳ እንስራዋን ልትፈትግ ወጣች። ይሁንና የሱ ደስታ አልቆየም። ዓሣው ስለኖረለት በፍቅር የዳቦ ፍርፋሪ ሲጥልለት ነበር የሚውለው። ያልተበላው ታች ወድቆ ሸተተ። በማግስቱ ዓሣው ወደ ውሃው አናት ወጥቶ፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ክዳን እየከፈተ እየዘጋ ያጣጥር ጀመር። ዘርአ ዳዊት ገና ጅራቱን ብቻ ነበር በብራና የሣለው።

«አለቀልኝ፤ ግድግዳዬ ሄደ» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ይመኙሻል እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ግራዋዋን አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው። ዓይኗ ጥግ ያለው ቡሃቃ ላይ አረፈ። ከቤቷ ዕቃ ሁሉ የማትፈትገው እሱን ብቻ ነው፤ ቢፈተግ እርሾው ይሞታል፣ ሊጡም አይነሣም። ሊጡ ሲያድር ከላይ የጠለለውን ውሃ ትደፋለች፣ በምትኩ ንጹሕ ትጨምራለች፣ የታችኛውን አትነካም።

«ይህ ዕቃ እንስራ አይደለም» አለች። «ቡሃቃ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም ብለው ጭልፋውን ያቀብሉኝ።»

የሸተተውን ፍርፋሪ ለቅማ አወጣች። ከውሃው ሲሶ ያህል ቀድታ ደፋች። ባልታጠነ ማሰሮ ካደረውና ብርዱ ከለቀቀው ውሃ ቀስ አድርጋ ጨመረች። እጇን እየበላት ድንጋዩንም ብርጭቆውንም ተወቻቸው። «ከእንግዲህ የሚያበሉት በጣት ጫፍ ነው፤ እሱም እኔ እያየሁ» አለችው። ከዚያ ሁለቱም ገንቦው አጠገብ ተቀምጠው ያንን የጉንጭ ክዳን ሲያዩ አረፈዱ። ቀትር ላይ ዓሣው ወደ ታች ወረደና ድንጋዩን ይግጥ ጀመር። ዘርአ ዳዊት ሚስቱን ግንባሯን ሳማት።

«ይልቅ ሥራዎን ይሥሩ» አለችው፣ ግን ፈገግ ብላ።

ያ ክረምት ደስ የሚል ክረምት ነበር። እሱ ዓሣውን በብራና እየሣለ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያሻግራል፣ እሷ በየጊዜው ትንሽ ትደፋለች፣ ትንሽ ትጨምራለች። ጎረቤቷ ወለተሐና አንድ ቀን ጠላ ልትጠጣ መጥታ ጣቷን ወደ አረንጓዴው ብርጭቆ ቀሰረች።

«ይመኙሻል፣ በሞቴ፣ ይህ ምንድነው?»

«ንጽሕና ነው» አለች ይመኙሻል፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ጳጉሜን ሦስት ዝናቡ እያካፋ አዲሱን ሥዕል የሸፈነው መጋረጃ ተገለጠ። አለቃ ወልደተንሣኤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ጆሮውስ የት ሄደ?» አሉ በመጨረሻ። ወንዶቹ ሳቁ። «የምሥራቁንም ግድግዳ ወስደሃል፤ እንጦጦ አልልክም።»

ዘርአ ዳዊት እጅ ነሣ፤ ልቡ ግን ገና አላረፈም። ሴቶቹ ተራቸው ደርሶ በወገናቸው ሲመጡ ከመካከላቸው አንዷን ብቻ ተመለከተ። ይመኙሻል ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለው ዓሣ ተራራ ያህላል፤ የጉንጩ ክዳን ግን ልክ እንደዚያ ዕለት ገርበብ ብሏል።

«ይተነፍሳል» አለች።

አለቃ ወልደተንሣኤ ግድግዳ ሲሰጡት ያላለቀሰው ዘርአ ዳዊት ይህን ሲሰማ አለቀሰ።