ምላጩ ሲመጣ

«ልጅሽ ፈተና የወደቀች ቀን ምን አልሻት?»

መምህርት ናሲሚዩ ይህን ሲጠይቋት ናፉና መሬት መሬቱን አየች። ሁለት ዓመት አልፎ፣ መምህርቷ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ በለቅሶው ግቢ ካለው ሙዝ ሥር ከልጇ ከናንጃላ ጎን ተቀምጣ ሳለ ጥያቄው አሁንም ይወጋታል። የዳግም ፈተናው ምዝገባ ነገ ያበቃል። ናንጃላ ግን መምህርቷ ከሞቱ ወዲህ «ከእንግዲህ በማን አቅም?» ብላ ደብተሯን ዘግታለች።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ማሲንዴ ማይክሮፎን ይዘው ሟቿን ያወድሳሉ። «እናታችን ነበሩ። የደከሙ ልጆችን ወደ እሳቸው የምልክ እኔው ነበርኩ።»

«ላከ አሉ» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ ሻይዋን እያማሰለች። «ውሻም እንዲያ አይላክም።»

ናፉና ወደ ዳይሬክተሩ ቀና አለች። ልጇ የወደቀች ቀን ዳይሬክተሩ ወላጅ ሰብስበው ውጤቱን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ አነበቡ። ናፉና ያኔ ፊደልም እንግሊዝኛም አታውቅም ነበር። የልጇን ስም ስትሰማ ብድግ ብላ አጨበጨበች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ናንጃላ የመጨረሻዋ ነበረች። ወንዙን እንደተሻገሩ ናፉና ልጇን «አዋረድሽኝ» አለቻት። በሳምንቱ ናንጃላን ጨምሮ ስድስት ልጆች የትምህርት ቤቱን ስም ያጎድፋሉ ተብለው ተባረሩ። ጡረታ የወጡት መምህርት ናሲሚዩ ማድቤታቸው ውስጥ ሰብስበው ያስተምሯቸው ጀመር። ኋላ ናፉናም ፊደል ልትቆጥር መጣች። የመምህርቷ ሕግ አንድ ነበር፦ የተሳሳቱትን ማጥፋት የለም፤ ከጎኑ ትክክሉን መጻፍ ነው።

የመምህርቷ ሽማግሌ ወንድም ምላጭና ውሃ ይዘው መጡ። በአገሩ ልማድ በሦስተኛው ቀን የሟች ልጆች ለሐዘን ጭንቅላታቸውን ይላጫሉ።

«ዳይሬክተር፣ እናታችን ብለዋል» አሉ ሽማግሌው። «እስቲ ከእርስዎ እንጀምር።»

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ስብሰባ አለብኝ» አሉ።

ናፉና ተነሳች። «እርስዎ ልጆቹን አልላኳቸውም፤ አባረሯቸው። ልጄንም ጭምር። እኔም ያን ቀን ከእርስዎ እኩል አባረርኳት።»

ወደ ናንጃላ ዞረች። «አዋረድሽኝ ብዬሻለሁ። አላጠፋውም። ከጎኑ ግን ይሄን ልጻፍ፦ ነገ ለምዝገባው አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሻሿን ፈትታ ለልጇ ሰጠቻትና ለምላጩ አንገቷን ደፋች።

ናንጃላ ሻሹን ተቀበለች። «በጠዋት ነው» አለች።

የዳይሬክተሩ መኪና ሄደ፤ አብረዋቸው የመጡት አራት መምህራንም ተከተሉ። ስድስቱ ልጆች ቀሩ። ናንጃላ የእናቷን ሻሽ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተራዋን ጠበቀች።