የክብር እንግዳው መቀስ

የክብር እንግዳው ሪባኑን ትተው ገመዱን ቆረጡት። ሌላው ጣጣ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ገመዱ የሰርጓጇ ነበር። ሰርጓጅ ስል ሰው የሚሳፈርባት መርከብ እንዳትመስላችሁ። ሻንጣ የምታክል ቢጫ ማሽን ናት። እሷ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ አብራሪዋ ዳር ላይ ተቀምጣ እንደ ፕሌይስቴሽን በጆይስቲክ ትነዳታለች። ትእዛዙ የሚሄደውም ምስሉ የሚመጣውም በዚያ ቀጭን ገመድ ነው። ገመዱ ከተቆረጠ ያው ሻንጣ ናት።

በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ስፈልግ፣ ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ «የውሃ ውስጥ ተሽከርካሪ አብራሪዎች ማሠልጠኛ» የሚል ባነር አየሁና ተመዘገብኩ። ማሠልጠኛው ውሃ አልነበረውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የቧንቧውም ውሃ በፈረቃ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ የተማርነው ምንጣፍ ላይ ነው። «ወደ ታች» የሚለው ትምህርት ሲደርስ የክፍል ጓደኛዬ ሄራን ሰርጓጇን አቅፋ ትቆምና ቀስ ብላ ቁጢጥ ትላለች። «ወደ ላይ» ሲባል ትነሳለች። ጉልበቷን አመማት እንጂ ጎበዝ ነበረች።

እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ነበር። ጅቡቲ ወደብ ላይ የመርከቦችን ሆድ የሚፈትሽ ድርጅት ማመልከቻዬን አይቶ ሰርተፊኬት አልጠየቀኝም። የጠየቀው እኔ ራሴ ውሃ ውስጥ ስነዳ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። እሱን ከላክሁ ሥራው የእኔ ነው። ሰርጓጇ ደግሞ ውሃ የምትነካው በምረቃው ዕለት ብቻ ስለሆነ፣ ያን ዕለት የምነዳት እኔ እንድሆን ሥራ አስኪያጁን ያቤጽን ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አሳመንኩት።

ምረቃው የከተማችን ሐይቅ ዳር ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ የተጋበዙት ፓስተር ጸለዩ። ሰርጓጇ ዳር ላይ ተንሳፍፋ ትጠብቀኛለች። በመጨረሻው ሰዓት ያቤጽ ሪባኑ የሚታሰርበት ምሰሶ እንደሌለ አስተዋለ።

«ያለ ሪባን ይሁንና እንጀምር» አልኩት።

«ያለ ሪባን እንዴት ተደርጎ ይጀመራል?» አለኝ፣ ያለ ውሃ ያስጀመረን ሰውዬ።

ሄራን ሪባኑን ከእኔ ጠረጴዛ እስከ ውሃው በተወጠረው ገመድ ላይ አሰረችው። የማሠልጠኛው ቀለም ቢጫ ስለሆነ ሪባኑም ቢጫ ነበር። ገመዱም ቢጫ።

የክብር እንግዳው አቶ ባህሩ፣ ሰርጓጇን ለማሠልጠኛው በውሰት የሰጠው ቢሮ ኃላፊ ናቸው። ከልብስ ሰፊ የተዋስነውን ትልቅ መቀስ ተቀብለው ወደ ካሜራው እያዩ ቆረጡ። አልቆረጠም። ደገሙት።

«ክቡር እንግዳ፣ እሱኮ ገመዱ ነው» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ ጠንካራ ነው» አሉኝ።

«አይዞዎት፣ መቀሱ ዶልዱሞ ነው» አለ ያቤጽ፣ እሱም ካሜራውን እያየ።

በሦስተኛው ተቆረጠ። ተጨበጨበ። ስክሪኔ ጠቆረ።

«ያቤጽ፣ ቆረጡት እኮ።»

«ጭብጨባውን ሰማሁ።»

«ገመዱን ነው የምልህ።»

ገመዱን አየ። አቶ ባህሩን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ንጂ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፊትሽን አታጨማድጂ። ዝም ብለሽ ንጂ።»

ስልኩን ድንኳኑ ውስጥ ካለው ትልቅ ስክሪን ጋር አገናኘውና እንግዶቹን ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ፣ ጀርባቸውን ወደ ሐይቁ አድርጎ አስቀመጣቸው። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ባሕር መጣ። በዚያ ባሕር ውስጥ ድንጋዩ ሁሉ አበባ ይመስላል፣ ብርቱካንማና ነጭ መስመር ያላቸው ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ። እኔ ጆይስቲኬን ይዤ ግራና ቀኝ እላለሁ፣ ቪዲዮው ወደፈለገበት ይሄዳል።

«ይህ ባለ መስመሩ ዓሣ ቆሮሶ ነው?» አሉ አቶ ባህሩ።

«ምርምር ላይ ነው» አለ ያቤጽ።

«ይኼን የመሰለ ሀብት ይዘን ሰርዲን ከውጭ እናስመጣለን» ብለው ጎናቸው ላሉት ሰውዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው ማስታወሻ ያዙ።

ቀና ስል ሰርጓጇ ነፋሱ እየገፋት ወደ መሃል ስትሄድ አየኋት። አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ መጥቶ ላይዋ ላይ ቆመ። ተመራቂዎቹ ሁሉ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያሉ። የጅቡቲው ቪዲዮዬ አባ ኮዳ ተሸክሞ እየሄደ ነው።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ላይ የጠላቂ ልብስ የለበሰ ነጭ ሰውዬ ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበ።

«ይኼ ማነው?» አሉ አቶ ባህሩ።

«አጋር ድርጅት ነው» አለ ያቤጽ።

ከሪባኑ የበለጠ ተጨበጨበ።

«ስንት ሜትር ላይ ነን፣ ልጄ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እየወረድን ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ ሰርጓጇን ዓሣ አስጋሪዎች ጎትተው አመጡልን። ምንም አልሆነችም፣ ገመዷ ብቻ ነው። ማሠልጠኛው ሄጄ ለያቤጽ ነገርኩት፤ ገመዱን እኔ እቀጥለዋለሁ፣ ከሰዓት ሐይቅ እንወስዳታለን፣ ቪዲዮዬን እቀርጻለሁ። ሰርጓጇ የጠረጴዛ ልብስ ለብሳ ፕሪንተር ተቀምጦባታል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ ደግሞ ከነሪባኑ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ «በክቡር እንግዳችን የተቆረጠ» ይላል።

«መቀጠል አይቻልም» አለ ያቤጽ። «ንብረቱ የቢሮው ነው። ለጥገና ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ታዲያ ጠይቅ።»

«ፈቃድ የሚሰጡት አቶ ባህሩ ናቸው። ምን ብዬ ልጻፍ? ተቆረጠ ካልኩ፣ ማን ቆረጠው ይሉኛል።»

«አልተቆረጠም በልና አስጠግን።»

«ያልተቆረጠ ነገር እንዴት ይጠገናል? ደግሞ በሪፖርቱ መሠረት ሰርጓጇ እዚህ የለችም። ሐይቅ ውስጥ ባለ መስመሩን ዓሣ እያጠናች ነው።»

«የእኔስ ሥራ?»

«ያን ቪዲዮ ላኪላቸው።»

«ነጭ ሰውዬ አለበት እኮ።»

«አጋር ድርጅት ነው በያቸው።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ስሚ ፌቨን። ሄራንን መዝጋቢ አድርጌያታለሁ። የክፍላችሁ አብዲ ጥበቃ ሆኗል። ሌሎቹ ቱላ ለሚከፈተው ቅርንጫፍ ሰው እየመዘገቡ ነው። ከመጀመሪያው ዙር ሥራ ያልያዝሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ተመራቂዎቻችን መቶ በመቶ ሥራ ያዙ የምንለውን እያበላሸሽብን ነው። ለሁለተኛው ዙር አሠልጣኝ ሁኚ።»

«ምን አሠለጥናለሁ?»

«ቁጢጥ ማለት» አለች ሄራን ከጥግ፣ ቀና ሳትል።

ላስብበት አልኩና ወጣሁ። ያሰብኩት ግን ያቤጽ ስለ ሰርጓጇ ያለውን ነበር፤ እዚህ የለችም ነው ያለው።

የሁለተኛው ዙር ምዝገባ የተጀመረ ዕለት ተመልሼ ሄድኩ። ማሠልጠኛው በተመዝጋቢ ተጨናንቋል። የባለ መስመሩ ዓሣ ወሬ መናኸሪያ ድረስ ደርሷል። አንዱ ልጅ፣ «ሰርጓጇን ማየት ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቅ ደረስኩ።

«አሁን ሥራ ላይ ናት» አለ ያቤጽ። «ሐይቁ ውስጥ።»

ፕሪንተሩን አንስቼ ያቤጽ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መስታወቱን ከግድግዳው አወረድኩና ብብቴ ስር አደረግሁ። ሰርጓጇን ከነጠረጴዛ ልብሷ አቀፍኳት።

ያቤጽ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ፌቨን፣ የት ልትወስጃት ነው?»

«ምኗን?»

ተመዝጋቢዎቹን አያቸው። ሁሉም ያዩታል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ልጁ።

ሄራን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አለቃዋ የሚለውን ጠበቀች። ያቤጽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሮጌ ፕሪንተር ነው» አለ። «ለጥገና እየሄደ ነው።»

«አዎ፣ ለጥገና ነው» አልኩ። ወጣሁና፣ እጄ ስላልተመቸኝ፣ በሩን በተረከዜ ዘጋሁት።