ሃያ ሁለት ገጽ ስለ ሸክላ

ዓምሃ የካቶሊክ ካህናት ወደሚሠለጥኑበት ዘርአ ክህነት ገብቶ፣ ስድስት ዓመት ተምሮ፣ ቅስና ሊቀበል ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ለምን እንደ ወጣ ሲጠየቅ እስካሁን ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥቷል፤ አንዱም ራሱን አላሳመነውም። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈው በጉለሌው ቁምስናቸው ሐሙስ ሐሙስ የሚሰጠው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ብቻ ነው። የሊቃውንቱን ነገር ለተራው ምእመን አቀልላለሁ ብሎ በሠላሳ ሰው ጀመረ። አሁን ሦስት ቀርተውታል፤ አንዷም ዝናቡ እስኪያባራ የገባች ናት።

ቆሞሱ አባ ኖህ «ዛሬም ሰው ካልጨመረ አዳራሹን ለመዘምራን እሰጣለሁ» ብለውታል። ዓምሃም ሳምንቱን ሙሉ ጽፎ፣ ስለ ኤርምያስና ስለ ሸክላ ሠሪው ሃያ ሁለት ገጽ ይዞ መጣ።

ገጽ አራት ላይ ሲደርስ ከሦስቱ አንዷ፣ እማማ ሙሉእመቤት፣ እጃቸውን አወጡ። ቀጨኔ ውስጥ አርባ ዓመት ሸክላ የሠሩ ሴት ናቸው። ዓምሃ ይህን ያውቃል፤ ስለ ሸክላ አንድ ነገር ልጠይቃቸው ብሎ ግን አላሰበም።

«ምዕራፍ ዐሥራ ስምንት ላይ የተበላሸው ዕቃ እንደገና ይሠራል። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ገንቦው ተሰብሮ አይጠገንም ይላል። የትኛው ነው ልጄ?»

«እ... እዚህ ላይ ሊቃውንቱ በሁለት ይከፈላሉ፤ ማለቴ...»

«ምን ያከፋፍላቸዋል? የመጀመሪያው እርጥብ ጭቃ ነው። ሁለተኛው እሳት ገብቶ የወጣ።»

ዓምሃ አፈረ። ያወቀ ለመምሰል ቸኩሎ ግን «ልክ ነው» አለ፤ «እሳት ከገባ በኋላ የተሰበረ አለቀለት ማለት ነው።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ስለ ራሱ እንደ ተናገረ ገባው። ወረቀቱን አገላበጠ። የሚፈልገው መልስ ከሃያ ሁለቱ ገጽ አንዱም ላይ የለም።

«አለቀለት ማን አለህ?» አሉ እማማ። «የተሰበረውን ገል እኮ አንጥለውም። ወቅጠን ከአዲሱ ጭቃ ጋር እናቦካዋለን። ገል የሌለበት ጭቃ እሳት ላይ ይሰነጠቃል።»

አዳራሹ ለመዘምራን ተሰጠ። ትምህርቱ ግን ወደ እማማ ግቢ ዞረ፤ ሰዉም በርጩማውን እየያዘ ይመጣል። ዓምሃ አንድ ምዕራፍ ያነብላቸዋል። እነሱ ሲጠያየቁ እሱ ሃያ ሁለቱን ገጽ ከታቹ አንጥፎ ገል ይወቅጣል።

ባለፈው ሐሙስ አንዱ ከዘርአ ክህነት ለምን እንደ ወጣ ጠየቀው።

«ተሰብሬ ነው» አለ ዓምሃ።

 እማማ ሙሉእመቤት ጎንበስ ብለው የወቀጠውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

«ገና አልላመም» አሉት። «ውቀጠው።»