ዕቃ ቤት የከረመው ሰሌዳ

ታምሲን ሆስኪንግ የፖርት ኬሪንን የባሕር ዳርቻ መጠበቅ ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ደመወዝ የላትም፤ የመንደሩ ምክር ቤት የሰጣት አረንጓዴ ሰደርያ ግን አላት፤ በሰደርያው ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ውሻ አሸዋ አይረግጥም። ቄሱን እንኳ ከነውሻቸው አሳፍራ መልሳለች።

ዘንድሮ ምክር ቤቱ ሕጉን አላላው። ውሾች በበጋም ቢሆን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት መግባት ይችላሉ ተባለ። አዲሱ ሰሌዳ ሚያዝያ ላይ ተሠርቶ፣ በአሮጌው ምትክ መግቢያው አጥር ላይ እንድትሰቅለው ለታምሲን ተሰጣት። ታምሲን በገነች። ማን አማከራት? ሰሌዳውን ዕቃ ቤቷ ውስጥ ከሣር ማጨጃው ጀርባ አስደገፈችና «መጀመሪያ የአጥሩ ቀለም ይድረቅ» አለች። ቀለሙ በሁለት ቀን ደረቀ፤ ሰሌዳው እዚያው ከረመ። የምክር ቤት ስብሰባ የሚሄድ ሰው ስለሌለ፣ ማንም አያውቅም ብላ ነበር።

ዊልፍ ትረዌክ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከውሻው ከፔብል ጋር የባሕር ዳሩ ግንብ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አሸዋው ከእግራቸው ሥር ነው፤ አይወርዱም።

«ሰማሽ?» አለቻት አንድ ቀን አይስክሬም ሻጯ ሼረል። «የእንስሳት ሐኪሙ ለዊልፍ ፔብል ጥቅምትን አታይም ብሎታል። አስራ ስድስት ዓመት አሸዋ ስትቆፍር የኖረች ውሻ እኮ ናት! እመቤት ሰደርያ፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም በይ እንጂ!»

«ለአንዱ አላየሁም ካልኩ ለሁሉም ልል ነው» አለች ታምሲን፤ ፊቷ ግን ጋለ።

ቢጠይቀኝ እኮ እፈቅድለታለሁ እያለች ሰነበተች። ዊልፍ አልጠየቀም። ስታልፍ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «ነፋሱ ዛሬ ደህና ነው» ይላታል። እሷም «ደህና ነው» ትላለች። በዚያ መንደር ሰውን ማስቸገር ትልቅ ነውር ነው፤ እሱ ላለማስቸገር ሲል፣ እሷ እስክትጠየቅ ስትጠብቅ፣ ነሐሴ ተጋመሰ።

አንድ ጠዋት ፔብል መቀመጥ አቅቷት የዊልፍ ካፖርት ላይ ተኝታ አገኘቻት። አፍንጫዋ ብቻ ወደ ባሕሩ ዞሯል። ታምሲን ሰላምታም ሳትሰጥ ወደ ቤቷ ተመለሰችና ሰሌዳውን ተሸክማ መጣች።

«ሚስተር ትረዌክ፣ ይሄ ከሚያዝያ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። በጋውን ሙሉ በጠዋት መግባት ይችሉ ነበር። በእልኬ ደበቅኩት።»

ዊልፍ ሰሌዳውን ዞር ብሎም አላየው። «አውቃለሁ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ይላላ ብዬ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልገቡም?»

«የሰቀልሽው አሮጌ ሰሌዳ አትግቡ ይላል። ሰው ፊት ላዋርድሽ ነው?»

ታምሲን እንባዋ መጣ።

«ለቅሶው ይቆይና» አለ ዊልፍ «ያንን ባለ አንድ ጎማ ጋሪሽን አምጪ። ፔብል ከባድ ናት።»

ፔብልን በጋሪ ወስደው ውሃው ዳር አስተኟት። ጥቂት አሸተተች። ከዚያ በአንድ እግሯ እርጥቡን አሸዋ ጫር ጫር አደረገች። ማዕበሉ መጥቶ ጉድጓዷን ደፈነው፤ እንደገና ጫረች። ዊልፍ ሳቀ። ታምሲን ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ዊልፍ ተነሣ።

«ኧረ ይቆዩ» አለች።

«አራት ሊሆን ነው። ሕግ ሕግ ነው፤ ያንቺው ትምህርት አይደል?»

ታምሲን ሰደርያዋን አውልቃ እርጥቧን ውሻ ሸፈነቻት። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ከነጋሪው በርዎ ላይ ነኝ።»

ለዘጠኝ ጠዋት ተከታትለው ሄዱ። በአስረኛው ጠዋት ዊልፍ ብቻውን መጥቶ ውሃው ዳር ተቀመጠ። ታምሲንም አጠገቡ ተቀመጠች፤ አራት ሰዓት ሊሆን ሲልም አብረው ተነሡ። ከግንቦት መጀመሪያ አንሥቶ ስንት ጠዋት እንደባከነ ቆጥራ ታውቀዋለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።