ሐሙስን በማክሰኞ

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከቀንዱ እስከ ጭራው እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ከተገኘበት የፎቶ ኮፒ ማሽኔ እድሜ ልኩን መሀል ለመሀል ጥቁር መስመር እያሰመረ ያትምብኝ። ሰፈሩ በቀጣፊነት እንደሚያውቀኝ አላጣሁትም። የገዛ እናቴ እንኳ "ደህና ነኝ" ስላት ግንባሬን ዳስሳ ነው የምታምነኝ። ይኼኛው ግን እውነት ነው።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ሱቅ የኔ ናት። ኮፒ አደርጋለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም እሞላለሁ። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወይም እሱ ተወኝ። ቢሆንም ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ በእጄ ያላለፈ ዶክተር የለም። ታናሽ እህቴም አንዷ ናት።

እህቴ በጊዜያዊ ፈቃድ ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። መሆን የምትፈልገው ግን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የአሻንጉሊት ሆድ ስትሰፋ ነው ያደገችው። ዘንድሮ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለሚያደርገው ትምህርት፣ በዚያ ዘርፍ የተከፈተው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። ለማመልከት ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተና ውጤት ማያያዝ ግድ ነው። ውጤቱ የሚወጣው ከተፈተኑ በአርባኛው ቀን ነው። ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ፣ ለመፈተን የመጨረሻዋ የምትጠቅም ቀን አንዲት ሐሙስ ላይ ታርፋለች።

እህቴ የያዘችው ቀን ግን ከዚያች ሐሙስ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቀድም ማክሰኞ ነበር። ቀኑን ስትይዝ ይበቃኛል ብላ ነው። ከዚያ ሁለት ሐኪሞች ሥራ ለቀቁና የእነሱ ተረኛነት በሙሉ እሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። መጽሐፉን ገልጣ ገጹ ላይ ታንቀላፋለች። ጉንጯ ላይ የታተመውን ፊደል አንብቤ ስለ ኩላሊት የተማርኩት ነገር አለ ብላችሁ አታምኑኝም። የልምምድ ፈተና ስትሠራ ውጤቷ በየሳምንቱ ቁልቁል ሄደ። ማክሰኞ ብትፈተን መውደቅ፣ ከሐሙስ ብታሳልፍ መቅረት። እናታችን ደግሞ በየማዕዱ "መቼ ነው ታዲያ?" ትላታለች። እህቴም ማንኪያውን አስቀምጣ ትነሳለች።

ቀን መለወጥ የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ክፍት ቀን ከተገኘ። አልተገኘም። ያቺን ሐሙስ የያዙ ሁሉ እንደ ርስት ጨብጠዋታል።

አንድ ሰው ሲቀር። መነጽሩ የምንለው የእህቴ ባልደረባ ሐሙስን ይዞ ነበር፤ ሚስቱ የምትወልደው ደግሞ በዚያች ሐሙስ ዙሪያ ነው። እሱ መቅደም ይፈልጋል፣ እሷ መዘግየት። እጅ በእጅ መለዋወጥ ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ይለቃሉ፣ ወዲያው አንዱ የሌላውን ያነሳል ተባለ። በምሳ ሰዓት ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ ሱቄ መጡና በሁለቱ ኮምፒውተሮች ተቀመጡ። እኔ መሀል ቆሜ ቆጣሪ ሆንኩ።

"ጋሼ፣ ኔትዎርኩ እንዳያዋርደን" አለ መነጽሩ።

"እኔ ሱቅ ኔትዎርክ አይጠፋም፤ አንዳንዴ ይተኛል እንጂ" አልኩት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ሁለቱም ለቀቁ። መነጽሩ ማክሰኞን አነሳና እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። እህቴ ሐሙስን ስትነካ ስክሪኑ ላይ "ቀኑ ተይዟል" የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደግማ ነካች። ተይዟል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ያኔ ነው።

በዚያችው ቅጽበት ከበስተጀርባዬ፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ካለበስኩት ሦስተኛው ኮምፒውተር፣ "ቲንግ" የሚል ድምፅ ወጣ።

ከሳምንት በፊት መሰላል የምንለው ረጅም ዶክተር ክፍት ቀን ፈልግልኝ ብሎኝ ነበር። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስለማልወድ፣ ገጹን ራሱ እያደሰ የተለቀቀ ቀን ሲያገኝ ዝንብ ከማረፏ በፊት ቀልቦ የሚይዝ ፕሮግራም አንዱ ጫነልኝ። ለኮስኩት፣ ጨርቅ ደረብኩበት፣ ረሳሁት። የእህቴን ሐሙስ የበላው የገዛ ሱቄ ነው።

ድምፁን ለመሸፈን ሳልኩ። እንዲያ ያለ ሳል በሆስፒታሉም ተሰምቶ አያውቅም። እህቴ ዓለም ተደፍቶባት እያለ ዞር ብላ "ይህን ሳል ታከመው፣ ደህና ሳል አይደለም" አለችኝ።

የቀረላት አንድ ክፍት ቀን ነበር፤ ያን ደቂቃ የተለቀቀ ሰኞ፣ ከሐሙስ አራት ቀን በኋላ። መሰላል ቀድሞ ይዞት የነበረው ነው። "የማን ይሆን?" አለች። እኔ ስቴፕለሩን ስሞላ ነበር።

ሰኞ ተፈተነች። በአርባ ቀኑ ውጤቷ ሲወጣ ከፈተናው ጣቢያ አንደኛ ሆነች። ማመልከቻው ከተዘጋ አራት ቀን ሆኖታል። ወረቀቱን ይዛ ወደ ቢሮው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለችው ሴት አገላብጣ አየችውና ውጤቱን አደነቀች።

"እኔ ብሆን እቀበልሽ ነበር። ሲስተሙ ነው የማይቀበለው።"

"ሲስተሙን ጥሪልኝ" አለች እህቴ።

ሴትዮዋ የምር መሰላት፤ ሲስተሙ ዛሬ ፈቃድ ላይ እንደሆነ ዓይነት አንገቷን ደፋች። ቁጥር የሚጠባበቀው ሰልፍ ከኋላችን ማጉረምረም ጀመረ። ወጣን። መንገዱን በሙሉ የውጤቱን ወረቀት እያጣጠፈች የክብሪት ቀፎ አሳከለችው።

በሳምንቱ መሰላል ከሁለቱ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ቦታዎች አንዱን አገኘና ምስጋና ብሎ ኬክ አመጣልኝ። እሱ እንደወጣ እህቴ ከተረኛነት ወጥታ እንደተራበች ገባች። ኬኩን አየች።

"የምን ነው?"

እውነቱን ነገርኳት። ጨርቁን ገልጬ ኮምፒውተሩን አሳየኋት፤ ስለ "ቲንግ"ም ስለ ሳሉም ሁሉንም። ስቴፕለሩን አንስታ ወረወረችብኝ፤ ሳተችኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተዘርግታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰው አይደለህም" አለችና ትልቁን ቁራሽ ወሰደች። ይቅር ተባባልን።

መቼም ምያለሁና አንዲት ነገር ላርም። ኬኩ እውነት ነው፣ መሰላልም ሐሙስም እውነት ናቸው። ስቴፕለሩን ግን ማንም አልወረወረውም። እህቴ "የምን ነው?" ስትለኝ "የደንበኛ" ነው ያልኳት። ቆማ በላች። "ኔትዎርክህ ነው የፈጀኝ" አለችኝ፤ እኔም ኔትዎርኩን አብሬያት ረገምኩ። አሁን ያለችው እዚያው ድንገተኛ ክፍል ነው። የመጪውን ዓመት ማመልከቻ የምሞላላትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አታምንም። ጨርቁ እስከ ዛሬ አልተገለጠም።